ቼንሶዬ እየጠመመ ይቆርጣል፣ ባሩን (ካቴናው የሚዞርበትን ረጅም ብረት) ልቀይረው ወይስ ሌላ ነገር ነው? (ኩታበር)

ኩታበሬው፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ሰነበታችሁ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። እኔ ኩታበር ዙሪያ የቆመ ባህር ዛፍ ከገበሬ እየገዛሁ አጣናና ጣውላ አውጥቼ ደሴ አስገባለሁ፣ ማሽኔ ስቲል 381 ነው፣ ሁለተኛ እጅ ገዝቼው አራት አመት ሰርቶልኛል፣ አላማረርኩትም። ካለፈው ወር ጀምሮ ግን እየጠመመ መቁረጥ ጀመረ። ቀጥ አርጌ አስገባዋለሁ፣ ግንዱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ ያዘነብልና ሲወጣ ቁራጩ እንደ ቅል ጎብጦ ነው የማገኘው። ጣውላ ሳወጣማ አታንሱት፣ አንደኛው ጠርዝ 5 ሳንቲም ሌላኛው 3፣ ደሴ ያለ ደንበኛዬ "ይሄ ጣውላ ነው ወይስ ሽብልቅ ነው ያመጣህልኝ" ብሎ ግማሹን መልሶ አስጫነኝ።

ካቴናው ነው ብዬ አዲስ ካቴና ገዛሁ፣ ጭራሽ ባሰበት። የሸጠልኝ ሰውዬ ጋ ተመልሼ ስሄድ "እንግዲያው ባርህ ነው ያለቀው፣ እንደውም 20 ኢንቹን ተወውና 25 ውሰድ፣ ትልቁንም ግንድ ባንዴ ይጥልልሃል" አለኝ። ዋጋው ደግሞ የሚቀመስ አይደለም። ባሩ ነው ትላላችሁ? 25ቱስ ይሻላል? የምታውቁ ተባበሩኝ፣ ልጆቹ ስራ ፈተው ቁጭ ብለዋል።

የሐይቅ_ልጅ፦
ጎባጣውን ጣውላ አትጣለው እኛ ጋ ጀልባ ይሰራበታል ሃሃሃ። ስለ ቼንሶ የማውቀው ጎረቤቴ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲያስነሳው የሚያወጣውን ጩኸት ብቻ ነው፣ ግን ክሩን ተከትያለሁ።

ባለሞረድ_ኮምቦልቻ፦
አብሽር ወንድሜ፣ የሚፈታ ነገር ነው። ብቻ ገንዘብ ከኪስህ ሳታወጣ መጀመሪያ በሽታውን ለይ። ቼንሶ ሲጠም ወይ ካቴናው ነው ወይ ባሩ ነው፣ ብዙም ሌላ ምክንያት የለውም። ካቴና የሚያጣምመው በአንድ ወገን ያሉት ጥርሶች ከሌላው ወገን ሲረዝሙ ወይ ሲሳሉ ነው፣ አብዛኛው ሰው አንዱን ወገን እጁ ስለሚመቸው ጥሩ አርጎ ይሞርድና ሌላውን ዳበስ ዳበስ አርጎ ያልፈዋል፣ ከዛ ማሽኑ ወደተሳለው ወገን ይጎትታል። ያንተ ካቴና አዲስ ከሆነ ግን ይሄ አይደለም ማለት ነው።

መለያው እንዲ ነው። ሞተሩን አጥፋ፣ ባሩን ፍታና ገልብጠው፣ ላይ የነበረው ጠርዝ ታች ይሁን። ካቴናውን እንዳትገለብጠው ብቻ! አንድ ልጅ ሁለቱንም አንድ ላይ ገልብጦ የጥርሱ ስለት ወደ ኋላ ዞሮበት "ሞተሩ ጉልበት አጣ" ብሎ ይዞልኝ መጥቶ ያውቃል፣ ግንዱን እያሸው ነበር እንጂ አይቆርጥም፣ ጭሱ እንደ እጣን ይወጣል። ከላይ ስታየው ስለቱ ወደ ባሩ ጫፍ ማየት አለበት። አሁን ገልብጠህ ስትቆርጥ ጥመቱ ከተቀየረ፣ ወደ ግራ ከዞረ ወይ ቀጥ ካለ፣ ባሩ ነው። ዞሮ ዞሮ ያው ወደ ቀኝ ከሄደ ካቴናው ላይ ተመለስ።

ሌላው፣ የብረት ማስመሪያ ያዝና ካቴናው ባሩ ላይ እንዳለ የአንዱ ቆራጭ ጥርስ ጎንና የባሩ ጎን ላይ አስደግፈው። ጥርሱ ከባሩ ወጣ ስለሚል ማስመሪያውና ባሩ መሀል ቀጭን ክፍተት መታየት አለበት። ካቴናው ጋደም ብሎ ማስመሪያው ባሩ ላይ ልጥፍ ካለ ካቴናው የሚሄድበት ቦይ ሰፍቷል። ደግሞ ባሩን አውልቀህ መስታወት ላይ በጠርዙ አቁመው፣ ወደ ጎን ከወደቀ የቦዩ አንደኛው ከንፈር ከሌላው ዝቅ ብሏል።

በመጨረሻ ባሩ ላይ ወደ ሞተሩ በሚገባው በኩል የተመታ ቁጥር አለ፣ ጥቀርሻውን በቤንዚን ጠርገህ አንብብና እዚህ ጻፈው። የካቴናውንም ካርቶን።

ደሴ_ማሽነሪ፦
ባር፣ ካቴና፣ ካንዴላ በሁሉም ሳይዝ አለን። ዋጋ ኢንቦክስ።

ሰኞገበያ_እቴ፦
@ደሴ_ማሽነሪ ወንድሜ ሰውየው ገና በሽታው አልታወቀለትም አንተ መድሃኒቱን ልትሸጥለት ነው? ደሞ ዋጋውን እዚሁ ጻፈው እኛም እንየው፣ ኢንቦክስ ውስጥ ምን ተደብቆ ነው።

የሐይቅ_ልጅ፦
ዋጋውን ሲነግሩህ ስትጮህ ሰው እንዳይሰማ ነዋ ኢንቦክስ የሚሉት

መርሳ_58፦
እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ የኔ የቻይና ባለ 58 ሲሲ ነው እሱስ

ኩታበሬው፦
@ባለሞረድ_ኮምቦልቻ አላህ ይስጥህ ወንድሜ፣ ትላንት አመሻሽ ላይ ሁሉንም ሞከርኩት። ገልብጬው ስቆርጥ ወደ ግራ ዞረ! አይኔን ማመን ነው ያቃተኝ፣ አንድ ግንድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆርጬ ጎን ለጎን ሳያቸው ቅንፍ ነው የሚመስሉት። ማስመሪያው ልጥፍ ይላል። ካቴናውን በጣቴ ግራና ቀኝ ሳወዛውዘው ሊወልቅ እንደደረሰ የልጅ ጥርስ ይንቀጠቀጣል። ለሶስተኛው የሚስቴን መስታወት ከግድግዳ አውርጄ ባሩን ላቆም ስል እሷ ከች አለች፣ ያንን ታሪክ ሌላ ክር ላይ እናወራዋለን። ወድቋል ግን፣ ባሩን ነው ምለው።

ቁጥሩ ባሩ ላይ 3/8፣ 1.6፣ 72 ይላል። አዲሱ ካቴና ካርቶን ላይ ደግሞ 3/8፣ 1.5፣ 72። 1.5 እና 1.6 ልዩነት አለው እንዴ? ሰውዬውን ያኔ ጠይቄው "አንድ ነው፣ ይሄዳል" ነው ያለኝ።

ባለሞረድ_ኮምቦልቻ፦
በለው! እዚች ጋ ነው ነገሩ።

ቁጥሮቹን ልንገርህ ሌላ ጊዜ ማንም እንዳይሸውድህ። 3/8 የሚለው ፒቹ ነው፣ የካቴናው ሪቬቶች አማካይ ርቀት ማለት ነው። ካቴናው ላይ ተከታታይ ሶስት ሪቬት ይዘህ ከአንደኛው መሀል እስከ ሶስተኛው መሀል ትለካና ለሁለት ታካፍለዋለህ። 3/8 ኢንች 9.5 ሚሊ አካባቢ ስለሆነ ሶስቱ ሪቬት 19 ሚሊ ይመጣል፣ 325 የሚሉት 16.5 ሚሊ፣ ትልልቆቹ 404 ደግሞ 20.5። ካሊፐር ባይኖርህ በማስመሪያም ይለያል። ፒቹ ከባሩ ጫፍ ኮከብና ከሞተሩ ስፕሮኬት (ካቴናውን ከምታዞረው ጥርሳም ብረት) ጋር ካልገጠመ ጥርስ ጥርስን እየበላ ነው የሚሄደው።

72 ደግሞ ከስር ወደ ቦዩ የሚገቡት ጥርሶች ብዛት ነው፣ ቆራጮቹን አይደለም የምትቆጥረው።

1.6 የእነዛ የታች ጥርሶች ውፍረት ነው፣ ባሩ ላይ ሲጻፍ የቦዩ ስፋት ማለት ነው። አሁን ጉዱ ይሄ ነው፣ የስቲል 3/8 በብዛት 1.6 ነው፣ የሁስክቫርና 3/8 በብዛት 1.5 ነው፣ 20 ኢንች ላይ ሁለቱም 72 ናቸው። ሻጩ ከርቀት አይቶ ወይ ቆጥሮ "ልክ ነው" ይልሃል። ይገባል፣ ይዞራል፣ ይቆርጣልም። ግን ቦዩ ውስጥ ይዋልላል። 0.1 ሚሊ ምን አላት እንዳትል፣ ባሩ አዲስ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አይታወቅህም ነበር፣ ያንተ ቦይ ቀድሞም ሰፍቷል፣ እዛ ላይ ቀጭን ካቴና ስትጨምርበት የአባትህን ሱሪ ያለ ቀበቶ እንደመልበስ ነው። ለዛ ነው በአዲሱ የባሰብህ።

ተቃራኒው ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፣ 1.6 ካቴና 1.5 ባር ውስጥ አይገባም፣ በመዶሻ ያስገባ ሰው ግን አይቻለሁ ወላሂ።

ስለዚ ጥፋቱ ሁለት ነው፣ ባርህም አልቋል ካቴናህም የባሩ አይደለም። ቦዩንም ለካው፣ ጥልቀቱ ለ3/8 ከ6 ሚሊ በታች ከሆነ የካቴናው የታች ጥርስ ወለሉን እየነካ ነው የሚሄደው፣ ያ ባር ተስፋ የለውም።

መርሳ_58፦
እኛ ቦዩ ሲሰፋ መዶሻ ይዘን ዙሪያውን እየጠቀጠቅን እናጠበዋለን ይሰራል እኮ ለምን አዲስ ያስገዙታል

ባለሞረድ_ኮምቦልቻ፦
@መርሳ_58 ይሰራል፣ ስንት ቀን? የባር ከንፈር በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው፣ በመዶሻ ስትወቅጠው ወይ ይሰነጠቃል ወይ አንድ ቦታ ጠቦ አንድ ቦታ ሰፍቶ ካቴናው እየተያዘ እየተለቀቀ ይሄዳል። ገጠር ላይ ሆነህ የዛሬን ለመጨረስ ከሆነ አድርገው፣ እኔም አድርጌያለሁ። ጣውላ ለማውጣት ግን አትሞክረው። በሞረድ የሚድነው ሌላ ነው፣ ከንፈሩ ወደ ውጭ ተጣጥፎ እንደ ምላጭ የምትቆርጥ ቀጭን ብረት ያወጣል አይደል? እሷን በጠፍጣፋ ሞረድ ማንሳት፣ ሁለቱን ከንፈር እኩል ማድረግ። ይሄን በየሳምንቱ ያደረገ ሰው ባሩ በእጥፍ ይቆይለታል ብል አላጋነንኩም። በየካቴናው ለውጥ ደግሞ ባሩን መገልበጥ፣ ሁሌ በስር በኩል ስለምንቆርጥ የታችኛው ጠርዝ ብቻ ነው የሚበላው።

@ኩታበሬው አንተ ገልብጠህ ታውቃለህ? እውነቱን።

ኩታበሬው፦
በአራት አመት ትላንት የመጀመሪያዬ ነው። ጽሁፉ ተገልብጦ ሲታይ ስህተት ይመስለኝ ነበር።

ባለሞረድ_ኮምቦልቻ፦
ሃሃሃ አስተያየት የለኝም

ጋሼ_መካነሰላም፦
እንዴት ናችሁ ልጆች። የ25 ኢንቹን ነገር ማንም አልመለሰለትም እኔ ልበል።

ልጄ ኩታበሬው፣ የምትጥለው ባህር ዛፍ ውፍረቱ ስንት ነው? እኔ እንደማውቀው አጣናና ጣውላ የሚሆነው በአብዛኛው ከ40 ሳንቲም አይበልጥም። 20 ኢንች 50 ሳንቲም ነው፣ ባንድ ጎን ብቻ ገብቶ ይጨርሰዋል፣ ወፈር ያለ ቢመጣ ደሞ በሁለት ጎን ዞረህ ትቆርጠዋለህ፣ ድሮም እንደዛ ነው የሚሰራ። 381 ባለ 72 ሲሲ ነው፣ 25 ኢንች አይሸከምም አልልም፣ ይሸከማል። ነገር ግን አንተ የምትሰራው የት ነው? ሞተር አየር ነው የሚተነፍሰው፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነች፣ እዛ ላይ ሩብ ጉልበትህ ሄደ ማለት ነው፣ 72 ሲሲህ እንደ 54 ነው የሚሰራልህ። እዛ ላይ ረጅም ባር ጭነህ ስትገፋው ሞተሩ ያቃስታል፣ አንተ ትጫነዋለህ፣ ሲጫኑት ደግሞ ባሩ ይግላል፣ ከንፈሩ ይበላል፣ ተመልሰህ እዚሁ ክር ላይ ትመጣለህ። ካቴናውም 84 ይሆናል፣ ያሉህ ባለ 72 ሁሉ አይሰሩም፣ ለመሳልም 12 ጥርስ ባይሆን ስድስት ቆራጭ ይጨምርብሃል።

ከፍታውን ካነሳሁ አይቀር፣ ካርቡሬተሩን ደጋ ላይ አስተካክለህ ባቲ ወይ ሐርቡ ለስራ ብትወርድ እንደገና አስተካክለው። እዛ አየሩ ወፍራም ነው፣ ቤንዚኑ ያንስበታል፣ ፒስተን የሚነክሰው እንደዛ ነው።

ሌላም አለ፣ ሲራገጥ። የባሩ አፍንጫ ከላይኛው ሩብ ላይ የሆነ ነገር ከነካ ማሽኑ ወደ ፊትህ ነው የሚዘለው፣ አይን እስክትጨፍን እንኳ አይጠብቅህም። ባሩ ሲረዝም አፍንጫው ከአይንህ ይርቃል፣ ከግንዱ ኋላ ምን እንዳለ አታይም። እኔ አንድ ጠዋት ብርድ ነበር፣ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል አርጌ (አትሳቁ፣ ያኔ ሁላችንም እንደዛ ነበር የምንሰራው) የወደቀ ግንድ እየቆረጥኩ ከኋላው ያለችው ቅርንጫፍ አፍንጫውን ነካችው። ድምፁን ነው የማስታውሰው፣ ጧ ሳይሆን እንደ ሰው ሳል ነገር። ማሽኑ ተነስቶ በግራ ትከሻዬ በኩል አለፈ፣ ጋቢዬን ያዘና ጠቀለለው፣ ሞተሩም በጥጡ ታንቆ ጠፋ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ካቴናው የለም፣ ነጭ ልቃቂት ብቻ ነው ያለው። አንገቴን በእጄ ዳበስኩና ቁጭ አልኩ፣ ያን ቀን ሌላ ስራ አልሰራሁም። ጋቢውን እናቴ ናት የፈተለችው፣ እስካሁን ቁራጩ አለኝ። የፊት ፍሬኑ ደግሞ ተሰብሮ በሽቦ ታስሮ ነበር። በሽቦ!

አጭር ባር፣ የሚሰራ ፍሬን፣ ጋቢ የለም።

የሐይቅ_ልጅ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ነው ያተረፈዎት። ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ክር ላይ ሳልስቅ አነበብኩ።

ሰኞገበያ_እቴ፦
ጋሼ አላህ ያቆይልን። እኔ ጣውላ ሻጭ ነኝ እንጂ ቆራጭ አይደለሁም፣ ግን ወንድሜ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ ኩታበሬው ገበያ ከመሄዱ በፊት።

ወንድሜም እንዳንተ ስቲል ነው ያለው። አንድ ሱቅ ሄዶ ባር ሲጠይቅ ሻጩ አምጥቶ ሰጠው፣ 20 ኢንች፣ 3/8፣ 72፣ ቁጥሩ ሁሉ ልክ፣ ማታ ቤት አምጥቶ ሊገጥም ሲል ቡሎኖቹ ላይ አልገባ አለ። ለካ የሁስክቫርና ባር ነው። የስቲል ትላልቆቹ ማሽኖች ባሩ የሚገባባቸው ሁለቱ ቡሎን 12 ሚሊ ናቸው፣ የሁስክቫርናው መግቢያ ግን ወደ 9 ሚሊ ነው። ሰው እንዴት ሰነፍ ይሆናል፣ ከመመለስ ይልቅ ቶርኖ ቤት ወስዶ አሰፋው! ገባ፣ ደስ አለው፣ በማግስቱ ካቴናው ጭስ ማውጣት ጀመረ። የዘይት ቀዳዳው ከማሽኑ ዘይት ማውጫ ጋር አይገናኝም፣ ዘይቱ ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ ባሩ ውስጥ አይገባም። በሶስት ቀን ባሩ ሰማያዊ ሆነ። ሊመልሰው ሲሄድ "የተበሳሳ እቃ አንቀበልም" ተባለ፣ እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፣ አሮጌውን ባር በጋዜጣ ጠቅልለህ ይዘህ ሂድ፣ አዲሱ ላይ ደርበህ ሶስት ነገር እይ፦ የቡሎኑ መግቢያ ስፋት፣ ካቴና መወጠሪያዋ የምትገባበት ትንሿ ቀዳዳ፣ የዘይቷ ቀዳዳ። ከተገጣጠመ ክፈል።

ኩታበሬው፦
@ሰኞገበያ_እቴ እህቴ ተባረኪ፣ ይሄን ባትነግሪኝ እኔም ቶርኖ ቤት ነበርኩ። @ጋሼ_መካነሰላም ጋሼ 25ቱን ትቼዋለሁ። ጋቢም የለኝም እንዳያስቡ።

አንድ ጥያቄ፣ ሁለት አይነት ባር አለ አሉኝ፣ አንዱ ጫፉ ላይ የሚዞር ኮከብ ያለው ሌላው ደፍን። ደግሞ አንዱ ሶስት ላሜራ ተጣብቆ የተሰራ አንዱ ወጥ ብረት። የቱን ልያዝ?

ባለሞረድ_ኮምቦልቻ፦
ለአንተ ስራ ኮከብ ያለው። ሰበቃው ይቀንሳል፣ ጉልበትህን አይበላም፣ ደጋ ላይ ነህ ተብለሃል። ደፍኑ አሸዋና አፈር ለሚበዛበት ስራ ነው፣ ኮከቧ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ሮለሮች አፈር ሲገባባቸው ስለሚሞቱ። ሶስት ላሜራው ቀለል ይላል፣ እጅ አያደክምም፣ ቅርንጫፍ ለሚያጸዳ ሰው ጥሩ ነው፣ ግን ግንድ ሲቆነጥጠው ይጣመማል። ቀኑን ሙሉ ግንድ ላይ ለሚውል ወጥ ብረት ይሻላል፣ አንዳንዱ ደሞ ጫፉ ብቻ ተነቅሎ ይቀየራል፣ እሱን ካገኘህ አትልቀቀው።

ሀሰተኛ ይበዛል። ሱቅ ስትሄድ ትንሽ ሞረድ ኪስህ ውስጥ ያዝ፣ ሻጩን አስፈቅደህ ከንፈሩን ዳር ላይ ነካ አርገው። ሞረዱ ተንሸራቶ ካለፈ ጠንካራ ነው፣ እንደ አይብ ከገባለት ደህና ሁን ብለህ ውጣ። ካላስፈቀደህም ውጣ።

ደግሞ ልጠይቅህ፣ ጉቶውን የት ጋ ነው የምትቆርጠው?

ኩታበሬው፦
እስከቻልኩ ዝቅ አርጌ፣ አፈሩ ላይ። ዛፉን የሸጠልኝ ገበሬም ጉቶው ዝቅ ሲል ነው ጥሩ የሚያቆጠቁጠው ይላል፣ ለኔም አንድ ክንድ እንጨት ትርፍ ነው።

ባለሞረድ_ኮምቦልቻ፦
ገባኝ። ባሩን የበላብህ እሱ ነው። አፈር ውስጥ አንድ ሰከንድ የገባ ካቴና ይደንዛል፣ አፈሩም ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ቦዩ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ያሻል። ዝቅ አርገህ መቁረጥህን አልከለክልህም፣ ግን የግንዱን ዙሪያ በአካፋ ጥረግ፣ ልጣጩን በመጥረቢያ ላጥ አርግለት፣ ከዛ ቁረጥ። አምስት ደቂቃ ነው።

መርሳ_58፦
ዘይትስ ምን ትጠቀማላችሁ እኔ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ነው ማደርገው በነጻ ነው ከጋራዥ

ጋሼ_መካነሰላም፦
እኛም ያንን ነበር የምንጠቀም። ሁሉም ሰው ያንን ነው።

ባለሞረድ_ኮምቦልቻ፦
ሁሉም ሰው ያንን ነው፣ ለዛም ነው እኔ ጋ የሚመጣው ባር ሁሉ የሞተ። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ የሞተር የብረት ብናኝ አለ፣ ቀጥኗልም፣ ከጫፉ ሳይደርስ ይረጫል፣ ፓምፗንም ይበላታል። የስቲልም የሁስክቫርናም መመሪያ አትጠቀሙ ይላል። ከዛ በላይ ደግሞ ያ ዘይት ፊትህና ልብስህ ላይ ነው ቀኑን ሙሉ የሚረጨው፣ ለቆዳ መርዝ ነው፣ ካንሰር ያመጣል። የባር ዘይት ካጣህ አዲስ የሞተር ዘይት ግባ፣ እንደ ባር ዘይቱ ባይጣበቅም ከተቃጠለው በስንት ጣዕሙ።

የሐይቅ_ልጅ፦
የኑግ ዘይትስ? እንደው ሽታውም ደስ ይላል

ባለሞረድ_ኮምቦልቻ፦
እየቀለድክ ነው ግን መልስ አለው። የምግብ ዘይት ያለሰልሳል፣ ፈረንጆቹም ከአትክልት ዘይት የተሰራ የባር ዘይት አላቸው። ኑግ ግን ሲከርም ይደርቃል፣ እንደ ቫርኒሽ ይጋገራል፣ ማሽኑን ሁለት ሳምንት ካስቀመጥከው ካቴናው ባሩ ላይ ተጣብቆ ነው የምታገኘው።

ሰኞገበያ_እቴ፦
ለሽሮ ያጣነውን ኑግ ለቼንሶ! ወይ ዘንድሮ

ኩታበሬው፦
(ከአምስት ቀን በኋላ) ሰላም ቤተሰብ፣ ሳልጠፋ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

አሮጌውን ባር ጠቅልዬ ደሴ ወረድኩ፣ ሞረድ ኪሴ ውስጥ። የመጀመሪያው ሱቅ አሮጌውን ሳሳየው "ይሄ አያስፈልግም እኔ አውቀዋለሁ" ብሎ ያመጣልኝ መግቢያው ጠባብ፣ እህቴ እንዳለችው። ሁለተኛው ሱቅ መግቢያው ልክ፣ ቁጥሩ ልክ፣ ሞረዱ ግን እንደ አይብ ገባ፣ ሰውዬው ራሱ ደንግጦ "እንዲህ ነው እንዴ" አለ፣ ጥፋቱ የሱም አይመስለኝም እሱም ሸውደውት ነው። ሶስተኛው ጋ አገኘሁ፣ 20 ኢንች፣ 3/8፣ 1.6፣ 72፣ ወጥ ብረት፣ ባለ ኮከብ። ካቴናም 1.6 አብሬ ገዛሁ፣ ያቺ 1.5 ሳትሰራ ቁጭ ብላለች፣ ሁስክቫርና ያለው ሰው ካለ ይውሰዳት።

ቤት ገብቼ ሳልገጥም @ባለሞረድ በስልክ እንዳለኝ ስፕሮኬቷን አየሁ። ካቴናው የሚያርፍባት ጋ ጥፍሬ የሚገባበት ጉድጓድ አለ።

ባለሞረድ_ኮምቦልቻ፦
ግማሽ ሚሊ ካለፈ ትቀየራለች፣ ከጥፍር አያስጠይቅም። በደንቡ ሁለት ካቴና ለአንድ ስፕሮኬት ነው። አዲስ ካቴና ያለቀች ስፕሮኬት ላይ ከጫንክ በሳምንት ውስጥ እንደ አሮጌው ታደርገዋለች።

ኩታበሬው፦
ቀየርኳት፣ ለሷ ደግሞ ሌላ ቀን ደሴ ተመለስኩ፣ ምን ላርግ። ከዛ ገጠምኩት። ባሩ የሚያርፍበት ጋ ሽፋኑን ስከፍት ሰጋቱራው ከዘይት ጋር ተጋግሮ እንደ ድፎ ዳቦ በቁራጭ ነው የወጣው፣ የዘይት ማውጫዋ ጭራሽ አትታይም ነበር፣ በስንጥር ጠረግኳት። ዳዶዎቹን ሳጠብቅ የባሩን ጫፍ ወደ ላይ ይዤ፣ ካቴናው ከስር ተጠግቶ ግን በእጅ ሲጎትቱት እንዲሄድ አርጌ። አስነስቼ የባሩን ጫፍ ካርቶን ላይ ጠቁሜ ጋዝ ሰጠሁት፣ ቀጭን የዘይት መስመር ካርቶኑ ላይ ታየ። በአራት አመት አይቼው አላውቅም፣ እስካሁን በደረቁ ነበር የምሰራው ማለት ነው።

ሶስት ታንክ ቤንዚን ቀስ እያልኩ ሰራሁበት፣ ካቴናው ሁለቴ ላልቶ ወጠርኩት። ጣውላው ቀጥ። ሁለቱም ጫፍ 5 ሳንቲም። ትላንት ጭኜ ወሰድኩ፣ ደንበኛዬ ሜትር አውጥቶ እያንዳንዱን መለካት ጀመረ፣ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ሜትሩን ኪሱ ከተተውና ቡና አዘዘ።

ባለሞረድ_ኮምቦልቻ፦
ማሻ አላህ። ማታ ስትጨርስ ካቴናውን ላላ አርገው፣ በሙቀቱ ወጥረኸው ከተውከው ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና ክራንኩን ነው የሚጎትተው። ሞረድህም ክቡ 5.2 ሚሊ ይሁን።

ጋሼ_መካነሰላም፦
ተባረክ ልጄ። ፍሬኑንስ አየኸው?

ኩታበሬው፦
አየሁት ጋሼ፣ ይሰራል። ሽቦም የለውም።

አሮጌውን ባር ግን ምን ላርገው? ብረቱ ጥሩ ነው መጣል አሳሳኝ።

ሰኞገበያ_እቴ፦
ብረት ቀጥቃጭ ጋ ውሰደው፣ ቢላ ይወጣዋል። አንዱን ለሚስትህ ስጣት፣ የመስታወቱ ካሳ።

ኩታበሬው፦
መስታወቱ እንደተሰነጠቀ በምን አወቅሽ

መርሳ_58፦
የኔ የቻይና 58 ግን እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም

ባለሞረድ_ኮምቦልቻ፦
@መርሳ_58 ይቅርታ ወንድሜ። የቻይናዎቹ ባለ 20 ኢንች አብዛኞቹ 325፣ 1.5፣ 76 ናቸው፣ ግን ሁሉም አንድ አይደሉም፣ ባሩ ላይ ያለውን አንብብና ጻፍልኝ። መዶሻውን አስቀምጠህ።